ሻሸመኔን የማይነካው መንገድ

የበደለኝ የባሌ ታላቅ ወንድም ነው። የበደለኝም በደርግ መጨረሻ ዓመታት፣ በገና ማግስት ነው። ስሙን አልጽፍም። ልጆቹ አሉ፤ ሐዋሳ ውስጥ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ አንገታቸውን ሰበር አድርገው ሰላም ይሉኛል። ለእነሱ ስል ስሙን እተዋለሁ። የሠራውን ግን አልተውም።

ባሌ የሞተው ልጃችን ገና ፊደል ሳይቆጥር ነው። ከዚያ ወዲህ ወንድሙ አባትም አጎትም ሆነና በቤቴ ጉዳይ ሁሉ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው እሱ ሆነ። ጋሼ እለው ነበር፤ አንቱ እያልኩ። ዛሬ ስጽፍ እሱ እለዋለሁ።

ልጄ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ውጤት ሳይመጣለት ቤት ተቀመጠ። ያን ጊዜ ውጤት ያልመጣለት ወንድ ልጅ የእናቱ አልነበረም፤ የብሔራዊ ውትድርና ነበር። ከመሃል ከተማ የአንዷን ጎረቤቴን ልጅ ዳቦ ሊገዛ እንደወጣ ወሰዱት። ሐይቅ ሲዋኝ ያደገው ልጄ ጓዳ ገብቶ ተዘጋበት። በር በተንኳኳ ቁጥር አልጋ ሥር ይገባል። ቁመቱ ረጅም ስለነበር እግሩ ይወጣል፤ እኔ ብርድ ልብስ አለብሰዋለሁ።

እህቴ ከአላባ ወዲያ፣ ገጠር ነበረች። ባሏ ንብ የሚያረባ ዝምተኛ ሰው ነው፤ «አምጪው፣ ከቀፎዎቼ መሃል ማን ያየዋል» ብሎ ልኮብኛል። ችግሩ መንገዱ ነበር። ከሐዋሳ ሲወጡ ጥቁር ውሃ ላይ ኬላ አለ፤ ወጣት ከአውቶቡስ እያወረዱ ያስቀራሉ። ኬላው ቢታለፍ ሻሸመኔ አለ። የሁሉም አቅጣጫ መንገድ የሚገናኘው እዚያ ነው፤ አፈሳውም የሚጠናው እዚያ ነበር።

የባሌ ወንድም መኪና ነበረው፤ አሮጌ ነጭ ቮልስ። ሄጄ እግሩ ላይ ወደቅኩ።

«ተነሺ፣ ተነሺ» አለኝ። «ይሄ ለቅሶ አያስፈልገውም። ይሄ እቅድ ነው የሚያስፈልገው።»

እቅድ ይወድ ነበር። ከመሥሪያ ቤቱ ካርታ አምጥቶ በረንዳው ላይ ዘረጋና በአራቱ ማዕዘን ጠጠር አስቀመጠበት። ጥቁር ውሃን ትተን በደቡብ በኩል እንወጣለን፤ የሐይቁን ማዶ በአፈር መንገድ እንዞራለን፤ ከሻሸመኔ ወደ ሶዶ የሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ብቅ ስንል ወደ ግራ ታጥፈን አላባ። ለጠየቀን ሰው የገናን በዓል ምክንያት አድርገን ሐይቁን እየዞርን የምንዝናና፣ በዚያውም እህቴን የምንጠይቅ ቤተሰብ ነን። የቤንዚን ኩፖኑን እያጠራቀመ ጀሪካን ሞላ። ለሽርሽር እንዲመስል ምንጣፍና ሁለት የዓሣ መንጠቆ ጫነ። መንጠቆዎቹ ረጃጅም ሸምበቆዎች ስለነበሩ ጫፋቸው በመስኮት ይወጣ ነበር።

«ሻሸመኔን የማይነካ መንገድ!» ይል ነበር ጣቱን ካርታው ላይ እየጎተተ። «ይሄን መንገድ ማንም አያውቀውም።»

እውነቱን ለመናገር እቅዱ ጥሩ ነበር። የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

በገና ማግስት ማለዳ ተነሳን። ልጄን ትልቅ ሰው እንዲመስል የአጎቱን ኮት አለበስነው። ኮቱ ዋጠው።

«እማዬ፣ ሽማግሌ ሆኜ ሚስት ልጠይቅ ነው የምሄደው?» አለኝ።

«ዝም ብለህ ግባ።»

«እሺ፣ ግን ጥሎሽ የታለ?»

ሳቅኩ። ከስንት ወር በኋላ መሳቄ ነበር። ሐይቁን ስንዞር ልጄ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ አንገቱን አወጣና ነፋሱን ጠጣው። አቧራው ፊቱን ቢያለብሰውም አልገባም አለ። ኬላ የለም፣ ወታደር የለም። ከብት ብቻ ነበር፤ ከብቱን ነድተው የሚያሳልፉ ሰዎች እጃቸውን ያነሱልናል። ከዋናው መንገድ ስንደርስ ግማሹ ጭንቀቴ ከላዬ ወርዶ ነበር። በግራ አላባ፣ በቀኝ ሻሸመኔ። መገንጠያው ላይ ጀሪካኑን ሊያንቆረቁር መኪናውን አቆመ።

እዚያ አንድ ሰው ጋቢውን አዘቅዝቆ መኪና ይጠብቃል። የባሌ ወንድም የቀድሞ የመሥሪያ ቤት ባልደረባ ኖሯል። ሲያየው እየሮጠ መጥቶ አንገቱ ላይ ተጠመጠመ።

«እኔም ብዬ ነበር! ሰው ሁሉ ቢቀር እሱ አይቀርም ብዬ ነበር! ሰምተህ ነው አይደል የመጣኸው?»

የሞተው የሁለቱም የቀድሞ አለቃ ነው። ተቀብሯል፤ ድንኳኑ ሻሸመኔ ነው። የባሌ ወንድም ወሬውን የሰማው ገና አሁን፣ በቆመበት ነው። ጀሪካኑን እንደያዘ ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት። አልሰማሁም ቢል፣ መንገደኛ ነኝ ቢል፣ ያ ሰው አንድም ነገር አይለውም ነበር።

«እንዴታ!» አለ። «ወደዚያው ነን።»

«ታዲያ መንጠቆው ምንድን ነው? ለድንኳኑ ዓሣ ልታጠምዱ ነው?»

«የልጁ ነው። ልጅ አይደል።»

«በሉ አንድ ቦታ ካላችሁ እኔንም ውሰዱኝ» ብሎ ሰውዬው ከልጄ ጎን ገባ።

የባሌን ወንድም በኮቱ ጎትቼ ከመኪናው ኋላ ወሰድኩት።

«ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ቀስ በይ፣ ይሰማል። ደጃፉ ደርሰን ነው የምንመለሰው። አንድ አፍታ።»

«ልጄንና እኔን እዚህ ይተዉን። በመኪና ጭነትም ቢሆን እንሄዳለን።»

«ምን ብዬ? ለቅሶ ልትደርስ መጥታ ከመንገድ ቀረች ልበለው? ደግሞ ያለ መታወቂያ ያለ ይለፍ መንገድ ላይ ቆማችሁ ማን ሊያሳልፋችሁ ነው?»

«ለማያውቁን ሰው ሬሳ ልጄን ሊገብሩት ነው?»

«አፍሽን ሰብስቢ!» አለኝ። «እኚያ ሰው ናቸው እንጀራ ያበሉኝ። ሞታቸውን ሰምቼ ደጃቸውን አልፌ በኋላ በምን ዓይኔ ሰው አያለሁ? ሰው ምን ይለኛል?»

መኪና ውስጥ ተመልሼ ሆዴን አመመኝ አልኩ። ተንበርክኬ መሬት ላይ ብወድቅ ይሻል ነበር፤ ያ እንግዳ ግን «ሻሸመኔ ጥሩ ክሊኒክ አለ፣ አይዞሽ» ብሎ አጽናናኝ። ልጄ በመስተዋቱ ውስጥ ያየኝ ነበር። መስኮቱን ዘግቶታል። የባሌ ወንድም መሪውን ወደ ቀኝ አዞረ።

መግቢያው ላይ አስቆሙን። «ለቅሶ ነው» አለ እንግዳው ጋቢውን እያሳየ። አሳለፉን። የባሌ ወንድም ዞር ብሎ «አየሽ?» አለኝ። ይህችን ቃል ስንት ጊዜ በእንቅልፌ ሰምቻታለሁ።

ድንኳኑ ከዋናው መንገድ ዳር ነበር። ወንዶቹ ውጭ ተቀመጡ፤ እኔን ከሴቶች ጋር ወደ ውስጥ አስገቡኝ። አንድ አፍታ ያለው ምሳ እስኪደርስ ሆነ። ተነስቼ በበሩ ባየው እዚያ ከሽማግሌዎች መሃል ደልደል ብሎ ስለ አለቃው ደግነት እያወራ ነው። ልጄ ጎኑ በዚያ ኮት ተቀምጧል። ወደ እኔ እንዲመጣ ልጄን በእጄ ጠቀስኩት። ወዲያው ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ወጣት የለም እንዴ? አግዳሚ አነሰን እኮ» ሲል ሰማሁ። ለቅሶ ቤት ወጣት አይቀመጥም፤ ውሃ ይቀዳል፣ አግዳሚ ያመጣል። ሁሉም የሚያውቀው ወግ ነው።

የባሌ ወንድም ወደ ልጄ ዞረ። «ተነስ እንጂ፣ እርዳቸው። ምን ይሉሃል?»

ልጄ አጎቱን አየው፤ እኔን አየኝ። ተነሳ። ከሌሎች ልጆች ጋር መንገዱን ተሻገረ። ልከተለው ስል ሴቶቹ ክንዴን ይዘው «ደክሟታል፣ ተቀመጪ» ብለው መለሱኝ። ሌላ አልቃሽ ገባችና ሁሉም ተነሳ። እኔም አለቀስኩ፤ ፈርቼ ነበር ያለቀስኩት። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ለጓደኛዋ «ምን ዓይነት ሰው ናት፣ ከቤተሰቡ ብሳ ስታለቅስ» አለች።

ጭነት መኪና ሲቆም ሰማሁ። ከዚያ ሩጫ፣ ከዚያ የአግዳሚ መውደቅ። ወጥቼ ስደርስ የመኪናው ኋላ ተዘግቷል። የኮቱን እጅጌ አየሁ፤ እጁ ውስጡ ጠፍቶ እጅጌው ብቻ ነው የሚወዛወዘው። ጮህኩ። ከድንኳኑ ፊት ለፊት ነበርኩና የሚያልፈው ሰው ሁሉ ከንፈሩን መጦልኝ አለፈ። ለቅሶዬን ከለቅሷቸው የለየው አልነበረም።

የባሌ ወንድም አብሮኝ ጣቢያ ለጣቢያ ዞሯል፤ ይህን አልክድም። አመሻሹ ላይ ግን ለቀስተኞቹን ሊሰናበት ወደ ድንኳኑ ተመለሰ። እኔ መኪናው ውስጥ ከመንጠቆዎቹ ጋር ጠበቅኩት። ወደ ሐዋሳ የመለሰኝ በጥቁር ውሃ፣ በቀጥታው መንገድ ነው። አሁን የሚደበቅ ሰው አልነበረንም።

ልጄ ወደ ሰሜን ሄደ። ደርግ ወድቆ ወታደሩ በእግሩ ሲመለስ ጥቁር ውሃ ሄጄ ቆምኩ። የሚያልፈውን ሁሉ ፊት አየሁ። ከዚያም በኋላ ሄጃለሁ። መርዶ የነገረኝ የለም፤ ድንኳንም አልተጣለልኝም።

የባሌ ወንድም ግን በየሠርጉና በየማኅበሩ «ያን ጊዜ እኔ ያወጣሁት መንገድ!» እያለ ያወራ ነበር። «ዕጣ ፈንታው ሆኖ ነው እንጂ መንገዱስ አንድ ኬላ አልነበረውም።» አጠገቡ ተቀምጬ ሰምቼዋለሁ። ይቅርታ ጠይቆኝ አያውቅም። ይጠይቀኛል ብዬ ስጠብቅ ኖሬያለሁ፤ ይህን ማንም አያውቅም ነበር።

ከዓመታት በኋላ ታሞ ሞተ። ቤቱ ከእኔ ቤት ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ድንኳኑ መንገዱን ግማሽ ይዞት ነበር። ዘመዶቹ ከጠዋት ጀምሮ ሰው ላኩብኝ፤ «አይመጡም እንዴ? ሰው ምን ይላል?» አሉኝ። በኋላ በር በኩል የሚዞር መንገድ ነበር፤ በእሱ አልሄድኩም። ዘንቢሌን ይዤ በድንኳኑ ፊት አለፍኩ። ሽንኩርት ገዛሁ። በዚያው መንገድ ተመልሼ ቤቴ ገባሁ።