አክስቴ ልታከማቸው ያልቻለችው

የአክስቴ አርባ ወጣ፤ ንዴቴ ግን አልበረደም።

ያሳደገችኝ እሷ ናት። በከተማችን አራዳ ሰፈር ያለው ቤታችን ጓዳ በጨው ኩንታል፣ በዱቄት ከረጢት፣ በዘይት ጀሪካንና በሳሙና ካርቶን ተጣቦ መግቢያ አልነበረውም። ጎረቤቶች «ምነው፣ ሱቅ ልትከፍቺ ነው?» እያሉ ሲስቁባት፣ «መንገዱ ሲዘጋ ትመጣላችሁ» ትላቸው ነበር። ወደ ከተማችን የሚያስገባው መንገድ ተዘጋ፤ እነሱም መጡ። የሳቀባትንም ያልሳቀባትንም ሳትለይ ጨው እየሰፈረች ሰጠች።

አክስቴ የስኳር ሕመምተኛ ነበረች። ኢንሱሊን ደግሞ እንደ ጨው አይከማችም። መድኃኒት ቤት በሄድን ቁጥር «መንገዱ አያስተማምንም፣ እባካችሁ አንድ ጨምሩልኝ» ብላ ትለምናለች። «እማማ፣ ለአንድ ሰው ከአንድ በላይ አንሰጥም» ይሏታል። መብራት ስለሚጠፋ ያቺኑ አንድ ብልቃጥ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ እንስራው ሥር ታኖራታለች።

በቅርቡ መንገዱ እንደገና ሲዘጋ ብልቃጡ አለቀ። ከተማውን ሙሉ ዞርኩ፤ የጠየቅሁት ሁሉ «አልገባም» አለኝ። አክስቴ ሆስፒታል ተኝታ እንኳ «ዱቄቱን አናፍሺው፣ እንዳይነቅዝ» ትለኝ ነበር። እዚያው አረፈች።

ጓዳው እስካሁን ሙሉ ነው። ገብቼ ጨው ስዘግን ግን ከኋላዬ «ክዳኑን መልሺ!» የሚለኝ የለም።

ያኔ ለቅሶው ላይ አንድ ሽማግሌ ሊያጽናኑኝ ፈልገው «ቀኗ ደርሶ ነው፣ ልጄ» አሉኝ።

«የለም፣ አያ» አልኋቸው፣ ድንኳኑ ሙሉ ሰው እየሰማ። «ቀኗ አልደረሰም። ያልደረሰው መድኃኒቱ ነው።»