የሪም አበባ ደብረ ታቦር ላይ ፈነዳች

ዛሬ ጠዋት በር ስከፍት አበባዋ ፈንድታ ጠበቀችኝ። መሐሏ ቀይ፣ ጫፏ ቢጫ፣ ቁመቷ ከስንዝር የማይበልጥ።

ዘሯን ያመጣሁት ከአረብ አገር ነው። እዚያ አሳድጋት የነበረችው ሕፃን፣ ሪም፣ ጣራው ላይ አብረን የተከልነው አበባ ሲደርቅ ዘሩን ለቅማ በሶፍት ጠቀለለችና ቦርሳዬ ውስጥ ከተተችው። "አገርሽ ስትገቢ ትዘሪዋለሽ" አለችኝ።

እዚህ ግቢያችን ውስጥ፣ ፀሐይ ከማይለየው ደረቅ ጭንጫ ላይ ዘራሁት። ውሃና ፍግ አይወድም ብዬ እማዬን ስንቴ ለመንኳት! እሷ እቴ፣ ፍግ ያልቀመሰ ተክል ሁሉ ጦሙን ያደረ ይመስላታል።

እሷ የተንከባከበቻቸው ቅጠል ብቻ ሆነው ቀሩ። ያበበችው ከድንጋዩ ጀርባ ተደብቃ ከእማዬ ያመለጠችው አንዷ ናት።

ዛሬም የውሃ ጆጓን ይዛ መጣች። አበባዋን ስታይ ቆም አለች።

"ውይ ስታምር! ዘሩን ማን ነው የሰጠሽ?"

"ልጄ" አልኳት።

አመለጠኝ። እኔ እኮ አልወለድኩም።

እማዬ ጆጉን መሬት ላይ አስቀመጠችና "በቃ፣ ይቺን አላጠጣትም" አለች።

ፎቶ አንስቼ ለሪም ልልክላት ነበር፤ እናቷ ማዳም ግን ቁጥሬን ብሎክ አድርጋዋለች። ለዚህ ነው እዚህ የለጠፍኩት።

የሰው ልጅ አሳድጋችሁ የተመለሳችሁ እህቶቼ፣ የእናንተዎቹስ አሁን ስንት ዓመት ሆናቸው?