ያልፈላ ውሃ

አማቴ የፈላ ውሃ አልጠጣም ብለው ግግም ያሉት ልጃቸውን፣ ማለትም ባሌን፣ የባሮ ወንዝ በወሰደው ክረምት ነው። ሰፈራችን አተት ገብቶ ነበር። የእኔ ሥራ ደግሞ ቤት ለቤት እየዞርኩ ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ ማለት ነው። ጎረቤቶቻችን የአማቴን እምቢታ ሲሰሙ፣ ባለመድኃኒት ሆይ መጀመሪያ ራስሽን ፈውሺ እያሉ በመጽሐፍ ቅዱስ ይወጉኛል። እውነታቸውን ነው።

ባሌ የዓሣ ባለሙያ ነበር። ከከተማው በላይ ባሮ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለ የሚወርድበት ቦታ አለ፤ እሱን አይቶ አይጠግብም። ውሃው ሲወድቅ አየሩን ይዞት ይገባል፣ አረፋው ጠፋ ብላችሁ አየሩ ወጣ እንዳትሉ፣ እንደ ስኳር ሟሙቶ ነው፣ ዓሣ የሚተነፍሰው እሱን ነው ይለን ነበር። አንድ ቀን እኔንና እናቱን ምድጃው አጠገብ አስቀምጦ፣ ድስቱ ገና ሳይፈላ ጎኑ ላይ የሚለጠፉትን ጥቃቅን አረፋዎች አሳየን። የባሮ አየር እየወጣ ነው አለ። ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ ዓሣ ቢገባ ታፍኖ ይሞታል ሲለን አማቴ ከንፈራቸውን መጠጡ።

ውሃው የወሰደውም እዚያው ነጭ አረፋ ውስጥ ነው። በባሮ ዋና ያደገ ሰው! አየር የበዛበት ውሃ ሰው አይሸከምም እያለ የሚያስጠነቅቀን ራሱ ነበር፤ ድንጋዩ አንሸራተተው እንጂ ወዶ አልገባም። ታች አግኝተን ቀበርነው።

ከቀብሩ በኋላ ድስት በጣድኩ ቁጥር አማቴ መጥተው አጠገቤ ይቀመጣሉ። ጥቃቅኑ አረፋ መታየት ሲጀምር ድስቱን ከእሳቱ ላይ ያወርዱታል። ሐዘን ነው ብዬ ተውኳቸው። ኋላ ግን የወንዙን ውሃ ከጄሪካኑ እየቀዱ ሲጠጡ አየኋቸውና ቱግ አልኩ። ልጅዎን ቀብሬ እርስዎን ልደግም ነው ወይ ብዬ ጮህኩባቸው። እሳቸው አልተቆጡም።

«የመጨረሻ ትንፋሹ ውሃ ውስጥ ገባ» አሉ። «አንቺ ታወጪዋለሽ። ለእኔ ምን ይቀራል?»

የዚያን ቀን ውሃማ ከታች ያለችውን ኢታንግን አልፎ ከአገር ወጥቷል ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት። ከዚያ ወዲህ እኔም ድስቱ ሲንሾካሾክ አላስችል ይለኝ ጀመር፤ ክዳኑን ከፍቼ አላዳመጥኩም ብል እዋሻለሁ።

ጎረቤታችን በአተት ወድቀው ግሉኮስ ሲሰካላቸው ግን ፈራሁ። ውሃውን አማቴ በሌሉበት አፍልቼ አቀዘቀዝኩ። ሲመለሱ ደጅ ወጥቼ፣ አንዱን ጆግ ከራሴ በላይ ከፍ አድርጌ ወደ ታችኛው እያንቆረቆርኩ ደጋገምኩት። የፈላ ውሃ አየሩን የሚመልሰው እንዲህ ነው፤ ይህንንም ያስተማረኝ እሱ ነው። አማቴ በር ላይ ቆመው ያያሉ። በብርጭቆ ቀድቼ ስሰጣቸው አረፋው እስኪጠፋ ጠበቁ፣ ከዚያ ቀመሱት።

«ይሄ የእሱ አይደለም» አሉ።

«አይደለም፣ እማዬ።»

«ያንቺ ነው» አሉና ጠጡት።

አሁን የፈላውን ይጠጣሉ። ድስቱ ሲጣድ ግን ከቤት ይወጣሉ፤ ጥቃቅኑ አረፋ ሲነሳ ባሌን ብቻዬን የምሸኘው እኔ ነኝ።