ሽማግሌዎቹን የመለስኩበት ቀን

ባለፈው ሰኞ ከውርጌሳ ወደ ወልድያ ስሄድ የሚኒባሱ ሬዲዮ ስለ ሶላር ዕቃዎች አዲስ የቀረጥ መመሪያ ያወራ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት፣ «እንግዲህ ገበያው ሊፈታ ነው» አለኝ። ገበያ በአንድ መመሪያ ሲፈታም ሲታሰርም አይቻለሁ፤ ሲታሰር የእኔም እጅ ነበረበት።

ከብዙ ዓመት በፊት ከወንድሜ ከሰይድ ጋር መርሳ መንገድ ዳር ፓፓያ እንሸጥ ነበር። መንግሥት ከሶላር መብራት ላይ ቀረጥ ሲያነሳ ጥራቱን የሚመረምር አልነበረም። ሲሳይ የሚባል የወልድያ ነጋዴ ርካሽ መብራት አስመጥቶ ግራና ከተማ ገበያ ላይ አራገፈው። ከኩራዝ ጭስ መገላገል የማይፈልግ የለምና ገበሬው ተሻማበት። ሰይድም ገዛ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደጃፋችን ፀሐይ ላይ አስጥቶት ሊያነሳው ጎንበስ ሲል ባትሪው ፈነዳ። የግራ ዓይኑ ጠፋ።

ሲሳይ ሱቅ ሄድን። ቀና ብሎ እንኳ ሳያየን፣ «ውሃ አስነክቶት ይሆናል» አለ።

ያንን ቃል ይዤ ከረምኩ። ሰው እሸት በቆሎ እየጠበሰ ሲጫወት እኔ የማስበው የሱን ውድቀት ነበር።

በጥቅምት ግድም ባለሥልጣናት ወልድያ ላይ ስብሰባ ጠሩ። ያልተመረመረ ሶላር ከቀረጥ ነፃ አይግባ የሚል መመሪያ ታስቦ ኖሮ የሕዝቡን ሐሳብ ፈለጉ። ሲሳይ ተነስቶ፣ «ምርመራ ገበያውን ይገድለዋል፤ ድሃው ጨለማ ውስጥ ይቀራል» ሲል ተጨበጨበለት። ሰይድን በክንዱ ይዤ ወደ ፊት ወጣሁ።

«መነጽርህን አውልቅ» አልኩት።

አወለቀ። ከዚያ በኋላ ያጨበጨበ የለም።

መመሪያው ጸደቀ። ሲሳይ ሳያስመረምር ከቀረጥ ነፃ ሊያስገባው የነበረ ዕቃ ኬላ ላይ ተያዘ፣ ፈቃዱም ታገደ። ከእኛ ጋር ቢታረቅ እገዳው የሚላላለት መስሎት ሽማግሌ ላከ።

«ልጄ፣ ለአላህ ብለሽ አፉ በይው። ሰይድ እንኳ አፉ ብሏል» አሉኝ ሼህ ይማም።

«አንቱን መመለስ ይከብደኛል። ሰይድ ስለ ዓይኑ አፉ ይበል፤ መብቱ ነው። እኔ ግን አልልም።»

ያቀረብኩላቸውን ፓፓያ ሳይነኩ ተነሱ። ሲሳይ ደጅ ቆሞ ይጠብቅ ነበር፤ ፊታቸውን ሲያይ ገባውና አንገቱን ደፋ። ደስ አለኝ። ብዙም ሳይቆይ ሱቁን ዘግቶ ከወልድያ ወጣ።

ሰይድ ዛሬ ሀብሩ ወረዳ ውስጥ ለመስኖ የተመረመረ ሶላር ይተክላል። በቅርቡ ሲሳይ ደሴ ታሞ ተኝቷል ሲባል ብርቱካን ይዞ ሊጠይቀው ተነሳ። «አብረን እንሂድ» አለኝ። እኔ ግቢዬን ስጠርግ ዋልኩ። ዕድሜ ልብን ያለዝባል ይላሉ። የእኔ አልለዘበም፤ እንዲለዝብም ዱዓ አላደረግሁም።