ከእግሯ ሥር የነበረችው ሴት

ተናዳጅ ሰው ነኝ፤ አልክድም። መካነ ኢየሱስ ከተማ ላይ ጂኦግራፊ ሳስተምር ተማሪዎቼ ሰሌዳውን አጥፍተው፣ ጸጥ ብለው የሚጠብቁኝ ስለሚወዱኝ አይደለም። የዘንድሮው ንዴቴ ግን ከለመድሁት ሁሉ የተለየ ነው። ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ትምህርት ሲዘጋ ያገለገለች ካሜራዬን አንግቤ በየተራራው ያሉ የጥንት አብያተ ክርስቲያናትን ፎቶ አነሣለሁ። እስቴን፣ ስማዳን፣ ጋይንትን በእግሬ ዞሬያቸዋለሁ። የጋይንቷን ቤተ ልሔምንማ ሁሉም ያውቃታል፤ እኔን የሚስቡኝ ከአጥቢያው ሰው በቀር ማንም ስማቸውን የማያውቀው፣ አምባ ላይ ጉብ ያሉት ናቸው። ሕግ አለኝ፤ ጫማዬን አወልቃለሁ፣ ሳይፈቀድልኝ አልገባም፣ በሥዕል ላይ ብልጭታ አላበራም። በዚህ ሕጌ እኮራ ነበር።

ዓምና ከጥምቀት በኋላ ከወገዳ ተነሥቼ አራት ሰዓት ያህል ተጕዤ ከእነዚህ አንዱን ወጣሁ። ገብስ የሚወቃበት ሰሞን ስለነበር ሰው ሁሉ አውድማ ላይ ነው። ቤተ ክርስቲያኑን የሚጠብቁት ቄሰ ገበዝ ጋቢያቸው ላይ እብቅ እንደተጣበቀ መጥተው ከፈቱልኝ። አሮጌውን መጋረጃ በዘንግ ገለጥ ሲያደርጉት የመቅደሱ ግድግዳ ሙሉ ሥዕል ነው። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። ቀዩ እንደ ከረመ በርበሬ ደብዝዟል፣ ዐይኖቿ ግን ዛሬ የተሣሉ ይመስላሉ። ከእግሯ ሥር አንዲት ሴት በግንባሯ ተደፍታለች፤ በእጇ እንዝርት ይዛለች። ከጎኗ አንድ መስመር የግእዝ ጽሕፈት አለ።

«ይቺ የእኛ ናት» አሉኝ ቄሰ ገበዙ። «መካን ነበረች። ስለት ገብታ ይህ ሥዕል ተሥሎበት ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ሸማ ሁሉ ፈትላ ሰጠች። ኋላ ወለደች። እኛ ሰባተኛ ትውልዷ ነን።»

በየዓመቱ በኅዳር ጽዮን፣ ቅዳሴ ሲያልቅ፣ ካህናቱ ከሥዕሉ ፊት ይቆማሉ። ያቺን መስመር ከግድግዳው አንብበው የሴትዮዋን ስም ጠርተው ይጸልዩላታል። ስሟ በየትኛውም መጽሐፍ አልተጻፈም። የማንበቡ ተራ ከአንዱ ቄሰ ገበዝ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ኖሯል። ይህን ሁሉ ሲነግሩኝ እኔ ካሜራዬ ላይ አጎንብሼ «እሺ አባ፣ እሺ» እል ነበር።

ጣሪያው ያፈሳል። ከታች ርጥበት ወጥቶ የሸማውን ጠርዝ አጥቁሮታል፣ የሌሊት ወፍ ኩስ ወርዶበታል። እንደተመለስሁ የሥዕሉን ፎቶ በስልኬ ፌስቡክ ላይ ለቀቅሁት። «ቅርሳችን እየጠፋ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል! ድረሱ!» ብዬ ጻፍሁ። ሰው ተቀባበለው። የማላውቀው ሁሉ ሲያመሰግነኝ ሰነበተ። ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ።

ዘንድሮ መስከረም ጠባ፤ መንገዱ ጠፈፍ ሲል ሄድሁ። ገና ደጀ ሰላሙን ሳልፍ የቀለም ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ቄሰ ገበዙ ከፈቱልኝ። መጋረጃው አዲስ ነው። ግድግዳው ሰማያዊ ሆኖ በዘይት ቀለም ያብለጨልጫል፤ የቢራ ቤት ግድግዳም እንዲህ አያብለጨልጭም። እመቤታችን ከወረቀት ላይ የተገለበጠች፣ ከንፈሯ የቀላ፣ ማንንም የማታይ ሴት ሆናለች። ከእግሯ ሥር ኮትና ከራቫት ያደረገ ወፍራም ሰው ተደፍቷል። የእጅ ሰዓቱ ሳይቀር ተሥሏል! ከጎኑ ስሙ በትልልቅ ፊደል ተጽፏል።

«ይኼ ማነው?» አልሁ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፤ ቤተ መቅደስ መሆኑን ረስቼዋለሁ።

ከተማ ገብቶ የከበረ የአገሩ ልጅ ነው አሉኝ፤ ነጋዴ ነው። ፎቶዬን አይቶ «የተጠመቅሁበት ቤት እንዲህ ተዋርዶ!» ብሎ አለቀሰ። ኮሚቴ አቋቋመ፣ ጣሪያውን አደሰ፣ ቀለምና ሠዓሊ ላከ። ሠዓሊው ከዚያ በፊት የሆቴል ታፔላ ይሥል ነበር።

«አሮጌውስ ሥዕል?»

«ተላጠ።»

«የት አደረጋችሁት?»

ቄሰ ገበዙ ነገሩኝ። የተቀደሰ ነገር አይጣልም፣ አይቃጠልም። ስለዚህ በደብሩ በዓል ቀን ሸማውን በመቀስ እየቆረጡ ለምእመናን ለበረከት አደሉት። ሕዝቡ እልል እያለ ተቀበለ። አንዱ የመልአክ ዐይን፣ አንዱ የፈረስ ኮቴ፣ አንዱ ባዶ ቀይ ደረሰው። ቁራጩን ከክታቡ ጋር አንገቱ ላይ ያሰረም አለ፣ ከጎተራው አፍ የሰቀለም አለ። እንደዚህ ያለ ጥፋት የት አገር አለ? ሌባ ቢሰርቀው እንኳ ሙሉውን ይሰርቀው ነበር። በፍቅር፣ በእልልታ፣ በአክብሮት ቆራርጠው ጨረሱት!

«ሴትዮዋስ?» አልኋቸው።

«እሷማ ከታች፣ ከርጥቡ በኩል አልነበረች? ሲልጧት ከጭቃው ጋር ዱቄት ሆነች። ለማንም አልደረሰች።»

«እርስዎስ ለምን ዝም አሉ? የእርስዎ አያት አይደለችም?» ብዬ ጮኽሁባቸው። አባቴ የሚሆኑ ካህን ላይ ጮኽሁ።

እሳቸው አልተቆጡም። «ድረሱ ያልኸው አንተ አይደለህ? ደረሱ» አሉኝ።

ቀርበውም ትከሻዬን ያዙኝ። «ደግነቱ አንተ ዘንድ አለች። በትልቁ አሳትመህ አምጣልኝ፤ እዚህ ከመጋረጃው አጠገብ እሰቅላታለሁ። እኔ ስሟን አውቀዋለሁ። ስሞት ግን የሚተካኝ ቄስ ከየት ያነብባታል? ለዚህ ለባለ ሰዓቱ ሲጸልይ ሊኖር ነው?»

«አለች አባ፤ ምንም አያስቡ» አልሁ። እርግጠኛ ነበርሁ። ያን ቀን ካሜራዬ አላረፈችም ነበርና።

ቁልቁለቱን ስወርድ ብቻዬን ስሳደብ ወረድሁ። ነጋዴውን ሰደብሁ። ኮሚቴውን፣ ሠዓሊውን፣ የዘይት ቀለምን የፈለሰፈውን ሁሉ ሰደብሁ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይኼ ነው፤ አህያው ማን እንደሆነ ግን ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር።

ወገዳ ደርሼ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ አንድ ሻይ ቤት ተቀመጥሁ። ለቄሰ ገበዙ የሚሆነውን ልምረጥ ብዬ የዓምናዎቹን ፎቶዎች ስልኬ ላይ ከፈትኋቸው። የእመቤታችን ፊት ጥርት ብሎ ወጥቷል። የልጇ እጅ፣ የመላእክቱ ክንፍ፣ የልብሷ እጥፋት ሁሉ አለ። ከታች ግን የሴትዮዋ ራስ ጫፍ ብቻ ነው የሚታየው። ቀጣዩን አየሁ፤ የእንዝርቷ ግማሽ። ቀጣዩን፤ ምንም። አንድ በአንድ እስከ መጨረሻው አየኋቸው። ያቺ መስመር በአንዱም ውስጥ የለችም።

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ያ የጠቆረ ጠርዝ ፎቶዬን አያሳምረውም ብዬ በእያንዳንዱ ላይ ካሜራዬን ወደ ላይ ቀና አድርጌ ነበር። ማንም አላስገደደኝም። ሻዩ ቀዘቀዘ፤ የሻይ ቤቷ ልጅ «አልተመቸህም?» ብላ ጠየቀችኝ።

በማግስቱ ልሳፈርበት የነበረው የደብረ ታቦር አውቶቡስ ሊነሣ ጥሩንባውን ሲነፋ እኔ ተመልሼ አምባውን ወጣሁ። ቄሰ ገበዙ ባቄላ ሲያርሙ አገኘኋቸው። ሰላምታ እንኳ በወጉ ሳልሰጥ ሁሉንም ነገርኋቸው። ማረሚያውን አስቀምጠው ቀና አሉ።

«የለችም?»

«የለችም፣ አባ።»

«ለምን ተውሃት?»

«ሥዕሉን ታበላሽብኛለች ብዬ ነው።»

ጎንበስ ብለው ማረሚያቸውን አነሡ።

«እሷንም ሣላት ስለው ሠዓሊውም እንዲሁ ነበር ያለኝ» አሉ።