የመጋቢት ቅቤ

ፊደል የቆጠርኩት ቅመም ከምጠቀልልበት ጋዜጣ ላይ ነው። ደብረ ታቦር ገበያ ውስጥ በእኛ ረድፍ ከሚነግዱት ሴቶች መጻፍ የምችለው እኔ ብቻ ስለሆንኩ፣ ከንግድ ቢሮ የመረጃ ቅጽ በየወሩ ሲመጣ የሁሉም ወረቀት እኔ ሱቅ ይከመራል። ምን ገባ፣ ከየት መጣ፣ ስንት ኪሎ ተሸጠ፣ ስንት ቀረ፤ የማይጠይቀው የለም። ከጎኔ ቅቤ የሚሸጡት እማማ ደግሞ በኪሎ አያስቡም። «የእብናቷ ሴትዮ ሁለት ቅል አመጣች፣ አንዱ ጎደል ያለ ነው» ይሉኛል። እኔ ቅሉን ወደ ኪሎ ስመልስ ረፋዱ ያልፋል፤ ገዢው ቆሞ ቆሞ ይሄዳል።

አንድ መጋቢት ላይ ሰለቸኝ። የሁዳዴ ጾም ነው፤ እማማ ቅዳሴ ቆይተው ከሰዓት በኋላ ነው የሚከፍቱት። ወረቀቱ በማግስቱ ይሰበሰባል፤ እኔ የራሴንም አልጨረስኩም። እጄ ላይ የእሳቸው የጥር ቅጂ ነበረና ቁጥሩን እንዳለ ገለበጥኩት። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ የጣት ቀለሙን አቀረብኩላቸው።

«ምን ይላል ልጄ?»

«እንደ ወትሮው ነው እማማ።»

«አንቺ ካልሽ ይበቃኛል» ብለው አውራ ጣታቸውን አሳረፉ።

ጥር የሰርግ ወር ነው፣ ቅቤ እንደ ውኃ የሚሸጥበት። በመጋቢት ግን እማማ ለፋሲካ ያጠራቅማሉ እንጂ አንድ ጥቅልል አልሸጡም። ረሳሁት እንዳልል፣ ይህን የማያውቅ የአገሬ ሰው የለም። ስገለብጥ ዝም ብዬ ገለበጥኩ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የቢሮው ሠራተኛ ወረቀቱን ይዞ መጣና ረድፉ ሁሉ እየሰማ አነበበው።

«እማማ፣ በሁዳዴ ይህን ሁሉ ቅቤ ማን ገዛዎት?»

ሽንኩርት የምትሸጠዋ ጎረቤታችን፣ «የራስ ቅቤ ይሆናላ» አለች።

«ይህን ሁሉ የሚቀባ ራስ ከዚህ እስከ አንበሳሜ አይገኝም» አለ እሱም። ሴቶቹ ሳቁ።

«ለካ ጾሙን ለእኛ ትተውልን ኖሯል» አለች አንዷ።

እማማ አንድ ጊዜ ብቻ አዩኝ። እኔ ጎንበስ ብዬ የበርበሬውን ጆንያ አፍ አሰርኩ፤ ታስሮ የነበረውን።

«እኔ ነኝ ያልኳት» አሉት። «አርጅቻለሁ፣ ወሩ ይምታታብኛል።»

ሐሰተኛ መረጃ ከደገሙ ፈቃዳቸው እንደማይታደስ የሚል ማስጠንቀቂያ ጻፈባቸው። ባል የላቸው፣ ልጅ የላቸው፤ ከዚያች ሱቅ ሌላ ምንም የላቸውም። ወሬው ደግሞ ሳምንት ሳይሞላው የጽዋ ማኅበራቸው ድረስ ደረሰ። በልጅነታቸው የጀመሩትን ጾም አንድ ቀን ያልገደፉ ሴት፣ «ቅቤውን ማን በላው?» ተባለባቸው።

እንቅልፍ ሲነሳኝ ቢሮ ሄጄ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ። ድምሩ ወደ ዞን ስለተላከ ቅቤው ከዚያ አይወጣም አሉኝ። ማስጠንቀቂያውን ግን አነሡላቸውና፣ ለእኔ በሦስት ቅጂ የሚሞላ የማረሚያ ቅጽ ሰጡኝ። ደስ ብሎኝ እየሮጥኩ ለእማማ ነገርኳቸው።

ቅቤውን በቅጠል መጠቅለላቸውን ሳያቋርጡ፣ «ደግ አደረግሽ» አሉኝ። «ቢሮው ግን ከእኔ ጋር አያስቀድስም ልጄ። ለእነዚህ ንገሪልኝ።»

ቀና ብዬ ረድፉን አየሁ። ሁሉም ነበሩ።

«ነገ እነግራቸዋለሁ» አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ፋሲካ አልፏል። ሴቶቹ ዛሬም ወረቀታቸውን ያመጡልኛል፣ ምን እንደሞላሁ ሳይጠይቁ ጣታቸውን ያሳርፋሉ። ብናገር «የእኔንስ ምን ብለሽ ጽፈሽዋል?» ይሉኛል፤ ከእማማ ስም ያስበለጥኩት ይህን ፍርሃቴን ነው። እሳቸው ዳግመኛ አልጠየቁኝም። ጠዋት ሱቃቸውን ሲከፍቱ እንደ ድሮው «እንደምን አደርሽ ልጄ» ይሉኛል። ቀድሜ ፊቴን የማዞረው እኔ ነኝ።