አንድ ሻሽ ያለበት መዳፍ

የዚያን ቀን ጠዋት ውሃ የቋጠረ መዳፌን በጥርሴ ገሽልጬ ቆዳውን ተፋሁት። የባዮሎጂ አስተማሪ ነበርኩ።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ከተማሪዎቻችን ጋር ከባሌ ሮቤ ወጣ ብለን ስንዴ ልናጭድ ዘምተናል። ከመዝመታችን በፊት ጠረጴዛ እየደበደብኩ ያስተማርኩት ስለ ቆዳ ነበር። የቆዳ ሕዋሳት ጎን ለጎን ተቆላልፈዋል፤ በመካከላቸው ያለው ቅባት ክፍተቱን ይደፍናል፤ የላይኞቹ ከሞቱ በኋላ እንኳ ሳይለያዩ ውሃችንን ከውስጥ ይይዛሉ፣ ጀርሙን ከውጭ ያግዳሉ። ቆዳ ሲፈተግ ንብርብሩ ከሥር ይላቀቅና ውሃ ይቋጥራል፤ የላዩ ግን እርስ በርሱ እንደተያያዘ ስለሚቆይ ለቁስሉ ጣሪያ ነው። «እንዳትነኩት!» ብዬ ጮኼ ነበር። ይኸው የራሴን ጣሪያ በጥርሴ አፈረስኩት።

በማግስቱ መዳፌ አብጦ መግል ያዘ። ማጭድ መጨበጥ አቃተኝ። ዘመቻውን የሚመራው ካድሬ መጥቶ እጄን ገለበጠው።

«ጓድ መምህር፣ ይሄ እኮ የተላጠ ነው። ከሥራ ለማምለጥ ራስህን ላጥክ። አሻጥር ነው!»

አሻጥረኛ የተባለ ሰው በዚያ ዘመን ታስሮ ነበር የሚሄደው።

ቆዳውን ስልጥ ያየችኝ አጠገቤ የምታጭደው የባልትና አስተማሪ ብቻ ናት። እሷ ደግሞ በስብሰባ መሀል «ባልትናም ትምህርት ሆኖ!» ብዬ ከሳቅኩባት ወዲህ ሰላምታም አትሰጠኝ።

«እህቴ፣ ንገሪው እንጂ» አልኳት።

«እህትህ አይደለሁም።» ወደ ካድሬው ዞረች። «ጓድ፣ አሻጥር ጭንቅላት ይፈልጋል። ይሄ ጎዋ ነው።»

ሞኝ ማለቷ ነው፣ በኦሮምኛ። ማሳው በሙሉ ሳቀ።

«በጥርሱ ሲገሸልጠው በዓይኔ አይቻለሁ። አትንኩ ብሎ ያስተማረውም ራሱ ነው! አሻጥረኛ ቢሆን ሆዴን ቆረጠኝ ብሎ ይተኛ ነበር፤ ሆዱን ማን ከፍቶ ያየዋል?»

ካድሬው ሳቁን እንደ ምንም ዋጠ። «በደህና እጁ ነዶ ይሸከም» ብሎ አለፈ።

እሷም ሰማያዊ ሻሿን ከራሷ ፈታ መዳፌን ጠፍራ አሰረችው፤ ስታጠብቀው ሆን ብላ ነበር።

«እግዜር ይስ...»

«ዝም በል! ቆዳ የለህም ብዬ ነው። ሻሼን አጥበህ ትመልሳለህ።»

ቆዳዬ ተመለሰ። የሻሹ መግል ግን አልለቅ አለ። አዲስ እገዛላታለሁ እያልኩ ስለግም ወደ ጎባ ተዛወረች። ከሮቤ ጎባ ምን ርቀት አላት? ምላሷን ፈርቼ ነው የቀረሁት። እስከ ዛሬ አንድ ሰማያዊ ሻሽ አለብኝ።